የወረፋው ጭፈራ

ሕዝብ ወረፋ መያዝን በጭፈራ ይማራል ብሎ ያሰበውን ሰው እስከ ዛሬ እንቀዋለሁ። ክፉ ሰው ነበር ማለቴ አይደለም። የቀበሌያችን የኪነት ቡድን መሪ ነበር፤ የሚንቀሳቀሰው በካድሬው ላንድሮቨር ነው። ለአውቶቡስ ተጋፍቶ፣ ጫማው ተረግጦ፣ «ሞልቷል» ተብሎ የተመለሰበት ቀን ያለ አይመስለኝም። ስለ ወረፋ እንዲያስተምር የተመረጠው ግን እሱ ነበር።

ታላቅ ወንድሜ ከደሴ ኮምቦልቻ በሚመላለስ አውቶቡስ ላይ ረዳት ነበር። ከሥራ መልስ ደግሞ በኪነቱ ይጨፍራል። በመናኸሪያ ውስጥ የሚታይ፣ ስለ ትራንስፖርት ሥነ ሥርዓት የሚያስተምር ጭፈራ ይዘጋጅ ተብሎ ከበላይ ሲታዘዝ፣ መሪው ወንድሜን መሃል አቆመው። ቲኬት ቆራጭ ሆኖ ይጨፍር ነበር፤ ማለትም ራሱን ሆኖ። ቤት ውስጥ ሲለማመድ በር ተደግፌ አየው ነበር። ከዚያ ኮምቦልቻ ላይ ወባ ያዘው፤ በአምስተኛው ቀን ደሴ ላይ ሞተ። ይህን ዓረፍተ ነገር ለማሳመር ብዙ ሞክሬያለሁ። አልቻልኩም፣ እንዲሁ ይቀመጥ።

በተቀበረ በሁለተኛው ሳምንት መሪውና ካድሬው ለቅሶ ሊደርሱ መጡ። ካድሬው ኮፍያውን አላወለቀም። ሲወጡ እኔን ወደ አጥሩ ጠሩኝ።

«ጓድ፣ ሐዘንህ ሐዘናችን ነው» አለ መሪው። «ግን የቲኬት ቆራጩ ቦታ ክፍት ሆነብን።»

«ሰው ጠፋ?»

«እርምጃውን የሚያውቅ ጠፋ። አንተ ሲለማመድ አይተኸዋል። የሥራ ኮቱም ቤታችሁ ነው፤ ሌላ ኮት የለንም።»

«አርባው አልወጣም እኮ።»

ካድሬው ሳቀ። «አርባ፣ ሰማንያ! የአድኃሪ ቆጠራ! ለመሆኑ ዕድሜህ ስንት ነው?»

ዕድሜዬን ያውቀዋል። ለብሔራዊ ውትድርና ስም የሚጽፈው እሱ ነው። እኔም እሺ አልኩ። በዚያች ቃል ራሴን ከሁለቱም በላይ ናቅሁት። ከዚያ ወዲያ የቀረኝ ጭንቀት አንድ ብቻ ነበር፤ እናቴ እንዳትሰማ። አርባው ሳይወጣ የሚጨፍር ወንድም፣ ያውም በሟቹ ኮት፣ በእኛ ዘንድ ስም የለውም። እሷ መሬት ላይ ተቀምጣ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ድምጿ እስኪዘጋ ታለቅሳለች። እኔ ትምህርት ቤት ለጥናት እሄዳለሁ እያልኩ ወደ ልምምድ እወጣለሁ። ያልተላጨ ጢሜን እንኳ «ደስታ አያሳይም» ብለው አስላጩኝ። ለእናቴ ቁስል ወጣብኝ አልኳት።

ጭፈራው ሁለት ክፍል ነበረው። የመጀመሪያው «ያለፈው ሥርዓት» ይባላል። ሴቶቹ እጃቸውን አናታቸው ላይ ጭነው፣ ደረታቸውን እየደቁ፣ ቲኬት ቆራጩን ይዞሩታል፤ በድሮ ጊዜ መኪና በማጣት የተሰቃየው ሕዝብ መሆኑ ነው። ሁለተኛው «አዲሱ ሥርዓት» ነው። ከበሮው ይፈጥናል፣ ሁሉም በአውቶቡሱ ጎን በሰልፍ ይቆማል፣ ትከሻ ይንቀጠቀጣል፣ ቲኬት ቆራጩ ፈገግ እያለ አንድ በአንድ ደረጃውን ያስወጣቸዋል። መሪው ሐዘንን የሚያሳይ እንቅስቃሴ ከየት እንዳመጣው ያኔ አላሰብኩትም። ከየት ያመጣዋል? ከለቅሶ ነው እንጂ። ሌላ ምን አይቶ ያውቃል?

የትዕይንቱ ቀን ጠዋት እናቴ ጠራችኝ። ሁለቱ አክስቶቼ ከኩታበር ማዶ ናቸው፤ መርዶው ዘግይቶ ስለ ደረሳቸው ለቀብር አልመጡም።

«ከሰዓት በኩታበር መኪና ይመጣሉ» አለችኝ። «መናኸሪያ ቆመህ ተቀበላቸው። ከተማ አያውቁም፣ ሰኞ ገበያ ገብተው ይጠፉብኛል።»

«እቀበላቸዋለሁ» አልኳት። ትዕይንቱ በሦስት ሰዓት ይጀምራል። ከሰዓት እስኪደርስ ኮቱን አውልቄ ንጹሕ ሐዘንተኛ እሆናለሁ ብዬ አሰብኩ።

ትዕይንቱን ሊያይ ከአዲስ አበባ ይመጣል የተባለው ባለሥልጣን በሦስት ሰዓት አልመጣም። በአምስትም አልመጣም። እኛ ፀሐይ ላይ ቆምን። ከእኛ ይልቅ ግን ከንጋት ጀምረው የኮምቦልቻን አውቶቡስ የሚጠብቁት ሰዎች ነበሩ የሚያሳዝኑት። አውቶቡሱ ፊታቸው ቆሟል። ግን አይጫንም፤ ለጭፈራው ተፈልጓል። ወረፋን የሚያስተምረው ጭፈራ የወረፈኞቹን መኪና ወሰደው። አንዲት ጫት የያዘች ሴት፣ «እኛ ሰልፍ ይዘናል፣ መኪናው ነው ሰልፍ ያጣው» አለች። ሰልፈኞቹ ሳቁ። ሾፌሩ ከወንድሜ ጋር ሦስት ዓመት የሠራ ሽማግሌ ነው። የመኪናውን መሪ ተደግፎ ወደ እኔ ዞር አለና፣ «ወላሂ፣ ሰው ስጭን ኖሬ ዛሬ ጭፈራ ልጭን ነው» አለኝ። ከዚያ ኮቱን አየ። «አብሽር ልጄ» ብሎ ፊቱን አዞረ።

ባለሥልጣኑ የመጣው ከምሳ በኋላ ነው። ወንበር ተዘረጋለት፣ ጥላ ተያዘለት። ከበሮው ተመታ። ሴቶቹ እጃቸውን አናታቸው ላይ ጭነው ይዞሩኝ ጀመር። እኔ መሃል ቆሜ፣ እንደ ታዘዝኩት አንገቴን ደፍቻለሁ። ቀና ስል የኩታበር መኪና ገብቷል። ሁለቱ አክስቶቼ እየወረዱ ነው።

እነሱ ምን አዩ? የእህታቸውን ልጅ ኮት አዩ። ኮቱን የለበሰ ወንድሙን አዩ። ደረታቸውን እየደቁ የሚዞሩ ሴቶችን፣ በዝግታ የሚመታ ከበሮ፣ ዝም ብሎ የቆመ ብዙ ሕዝብ አዩ። ልጁ መናኸሪያ ነበር የሚሠራው፤ የሥራ ባልደረቦቹ ለቅሶ ተቀምጠውለታል። ሌላ ምን ሊመስላቸው ይችላል? ትልቋ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች፣ ክቡን ሰንጥቃ ገባች፣ ኮቱን በሁለት እጇ ጨበጠችው።

«የደሴ መኪና እየጫነ ሰው፣
ልጄን ብቻ ለይቶ የት አወረደው!»

ታናሿ ተቀበለቻት። የኪነቱ ልጆች መጀመሪያ ደነገጡ። ወንድሜን የሚወዱት ነበሩና ቀጥሎ አንዷ የእውነት አለቀሰች፤ ከዚያ ሁሉም። ከበሮ መቺው ምን እንደሚያደርግ ጠፍቶት ምቱን ይበልጥ አዘገየው። ከተሳፋሪው መካከል ወንድሜን የሚያውቁ ወጥተው ገቡ፤ ጫቷን የያዘችውም ሴት። እኔም አለቀስኩ። ከሞተ ጀምሮ እንደዚያ አላለቀስኩም።

ባለሥልጣኑ አጨበጨበ።

ጥላ ሥር እንደተቀመጠ፣ ወደ ካድሬው ዘንበል ብሎ፣ «የብዙኃኑ ተሳትፎ እንዲህ ነው!» አለ። «እነዚያ ሁለቱ እናቶች ከየት ቀበሌ ናቸው?»

«ከኩታበር አካባቢ፣ ጓድ።» ካድሬው ከየት እንደ መጡ ከመኪናቸው አውቋል። ለምን እንደ መጡ አልጠየቀም።

«ኮምቦልቻም ይምጡ።»

ሁለተኛው ክፍል ሰዓት የለም ተብሎ ቀረና ወደ አውቶቡሱ ተገፋን። አክስቶቼን አሳፈሯቸው። መናገር ነበረብኝ። ካድሬው ግን ደረጃው ላይ ቆሞ ነበር። በሀረጎ ጠመዝማዛ እየወረድን ትልቋ አክስቴ ጎኔ ተቀምጣ፣ «ቤታችሁ ደሴ አልነበረም እንዴ?» አለችኝ።

«ኮምቦልቻም የሚያለቅሱለት አሉ» አልኳት።

«ይገባዋል» አለች። «ስንቱን ሰው አሳፍሮ አውርዷል።» ጸጸት እንዳይሰማኝ ወደ መስኮቱ ዞርኩ፤ መንገዱን የማይ መስዬ።

ኮምቦልቻ ይሞቃል። አክስቶቼ ደገኞች ናቸው፣ ላባቸው ከእንባቸው ጋር እየወረደ እንደገና አለቀሱ፣ ባለሥልጣኑ እንደገና አጨበጨበ። ከዚያ፣ «አሁን ሁለተኛውን እንይ» አለ።

ከበሮው ፈጠነ። ካድሬው አየኝ። ሴቶቹ ዓይናቸውን እየጠረጉ ሰልፍ ያዙ። እኔም ትከሻዬን አንቀጠቀጥኩ። ፈገግ አልኩ። በወንድሜ ኮት፣ እንባዬ ፊቴ ላይ ሳይደርቅ፣ ደረጃው ላይ ቆሜ ባዶ አውቶቡስ ውስጥ ደስ ያለኝ መስዬ ሰው አስገባሁ። ታናሿ አክስቴ እጇ ደረቷ ላይ እንዳለ ቀረ።

ትልቋ ቀረበችኝ። «አንተ ልጅ፣ ምን እየሆንክ ነው?»

ፈገግ እንዳልኩ ቀጣይዋን ደረጃውን አስወጣኋት።

«አበደ እንዴ?» አለች ለታናሿ።

«አላበደም» አለች ታናሿ። «ይጨፍራል።»

ሽቅብ ወደ ደሴ ስንመለስ ሁለቱም አጠገቤ አልተቀመጡም። ከመናኸሪያው እስከ ቤታችን ከፊታቸው ሄድኩ፣ ከኋላዬ ድምፅ የለም። ለቅሶ ቤት ሲደርሱ እንደ ደንቡ እየጮኹ መግባት ነበረባቸው። ዝም ብለው ገቡ። እናቴ ከመሬት ተነሥታ እጇን ስትዘረጋ፣ ትልቋ አልያዘቻትም።

«ቀድሞ አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለቻት፣ በጎረቤቱ ሁሉ ፊት። «ይሄ ልጅሽ ዛሬ ኮምቦልቻ ላይ፣ በወንድሙ ኮት፣ ትከሻውን ሲንጥ አየነው። አርባው ወጥቷል?»

እናቴ አየችኝ። የተላጨ ጉንጬን፣ ኮቱን፣ ሁሉንም አየች። ጥናት ያልኳት ነገር ሁሉ በዚያች ዓይን ሲደረመስ ተሰማኝ። መሬት ብትከፈት እገባ ነበር።

«አልወጣም» አለች እናቴ። «እኔ ነኝ ሂድ ያልኩት።»

«አንቺ?»

«እኔ። አንዱን ቀበርኩ። ይሄኛውንም ስሙን ጽፈው ይውሰዱብኝ? ኮቱንም በእጄ ነው ያለበስኩት። እርም ከሆነ የእኔ እርም ነው፣ ልጁን ተይው።»

እናቴ በሕይወቷ ስትዋሽ የሰማኋት ያን ቀን ብቻ ነው። አክስቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። ከዚያ እጇን ዘረጋች፣ ተቃቀፉ፣ ለቅሶውም ተጀመረ። ጎረቤቱ ወሬውን ይዞት እንደሚወጣ አውቃለሁ። ይዞት የሚወጣው ግን የእናቴን ስም ነው።

ለቅሶው ጋብ ሲል ጓዳ ጠራችኝ። ድምጿ ተዘግቷል፣ ስለዚህ ጠጋ አልኩ። ትመታኛለች ብዬ ነበር። ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር።

«ለመሆኑ» አለችኝ፣ «እንደሱ ሆነልህ?»

«አልሆነልኝም።»

«አዎ። አይሆንልህም።» ወደ ሳሎኑ አንድ ጊዜ አየች። «እሱ እኮ የእነሱን ቆሻሻ እንኳ ሲያስጨፍሩት ያምርበት ነበር።»

ከዚያ ማስታጠቢያውን አንሥታ ሰጠችኝ። «በል ሂድ፣ አክስቶችህን አስታጥብ። ከመንገድ ናቸው።»