ቀለሙ ጸንቶ እስኪቆይ
በመቱ ኬሚስትሪ ያስተምሩ የነበሩትን አጎቴን ሳስብ፣ በኦሮምኛ «ሱታ፣ ቀስ በይ» ማለታቸው ይመጣብኛል።

የእናቴ ድድ ይደማ ስለነበር ሐኪም ያዘዘላት የቫይታሚን ሲ ክኒን በክረምቱ ርጥበት ወየበ። «ኃይሉ ጠፍቷል» ብላ ተጨነቀች። አጎቴ እኔን አስከትለው የትምህርት ቤታቸው ቤተ ሙከራ ገቡና አንዱን ክኒን በውሃ አሟሙ፤ ስታርች ጨምረው አዮዲን ያንጠባጥቡበት ጀመር። ሰማያዊ ቀለም ብቅ ሲል «አለቀ!» አልኩ።

«ሱታ! ተመልሶ ጠፋ እኮ፤ ቫይታሚኑ ገና አዮዲኑን እየበላው ነው። ሰማያዊው የሚጸናው ቫይታሚኑ ሲያልቅ ነው።»

ቀለሙ ሲጸና፣ ከፈሰሰው አዮዲን ተነስተው የቫይታሚኑን መጠን አሰሉ። ቤት ስንመለስ «እህቴ፣ ብዙም አልጎደለ፤ ዋጪው» አሏት። እፎይ አለች፤ ድዷም ዳነ።

አጎቴ ለረጅም ጊዜ ታመው ቆዩ፤ ዛሬ ወንበራቸው ባዶ ነው። እናቴ ግን ያን ሁሉ የሕመም ጊዜያቸውን አስባ፣ «ስንቱን ከስጋት ያሳረፈ ወንድሜ፣ አሁን እሱም አረፈ» አለችኝ።