ባርን የሚሉት ቤት

እኔ የማንም አስተማሪ እጅ ያላረፈብኝ፣ እንግሊዝኛን ብቻዬን ከመዝገበ ቃላት የተማርኩ ሰው ነኝ፤ ዛሬም አትላንታ ዳር ባለችው ቻምብሊ ውስጥ የውል ወረቀት የከበደው ሁሉ የሚመጣው ወደ እኔ ነው። ባለፈው ቅዳሜ የጎረቤቴ ልጅ ሠርግ ዱሉዝ አካባቢ «ባርን» በሚሉት አዳራሽ ነበር፤ ጥግ ላይ ለጌጥ የተከመረው ድርቆሽ ሽታው ወደ ወጣትነቴ ወሰደኝ።

በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ መጀመሪያ፣ ከሱዳን እንደመጣሁ፣ ከአትላንታ ወጣ ያለ የወተት እርሻ ላይ ተቀጠርኩ። እኛ የከብቱን በረት፣ የእህሉን ጎተራ፣ የፈረሱን ጋጣ እያልን ለየብቻ ስንጠራ፣ እነሱ ሁሉንም ባርን ይሉታል፤ ላሙም፣ ድርቆሹም፣ ትራክተሩም፣ እኔና ጋሽ በቀለም የምናድረው በዚያ አንድ ጣሪያ ሥር ነበር። ጋሽ በቀለ በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ የወሎ ገበሬ ነበሩ። ከዚያ ባርን ሌላ መጠጊያ አልነበራቸውም። ላሞቹን በየስማቸው ይጠሩ ነበር፤ እኔን ደግሞ «አያ መዝገበ ቃላት» ይሉኛል።

በእርሻው ሕግ ጥጃ እንደተወለደ ከእናቱ ተነጥሎ በባልዲ ይጠጣል። ጋሽ በቀለ ይህ አልዋጥ አላቸው። «ጥጃ ሳይቀምስ የታለበ ወተት ግፍ ነው፤ ላሚቱም ወተቷን ትይዛለች» እያሉ ባለቤቱ ሳያይ ጥጃውን ያስጠቡ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ባለቤቱ ድንገት ሲገባ ጥጃውን ከእናቱ ሥር፣ አፉ የወተት አረፋ ለብሶ አገኘው።

«ጥጃው ዛሬ ይሸጣል፤ ሽማግሌውም ዕቃውን ይዞ ይውጣ። ንገረው» አለኝ።

«ምን አለ?» አሉ ጋሽ በቀለ።

«ጥጃው ይሸጣል፤ እርስዎም ይውጡ ይላል።»

ሳቅ ብለው «እስቲ አያ መዝገበ ቃላት፣ ለምንልኝ የሚል ቃል የለህም?» አሉኝ።

ቃሉማ ነበረኝ። ግን አስተርጓሚ የተባለውን ያደርሳል እንጂ ከራሱ አይጨምርም፤ እስከ ዛሬም የምታወቀው በዚህ ነው። ጋሽ በቀለ ፌስታላቸውን ይዘው በመንገዱ ዳር ወደ ከተማው ሄዱ፤ ላሚቱ ከኋላቸው እምቧ ትል ነበር። ከዚያ ወዲያ በዚያ ባርን ውስጥ አማርኛ የሚያወራ አልነበረም፤ ላሞቹም ጆሯቸው ላይ ካለው ቁጥር በቀር ስም አልነበራቸውም።

እኔ ግን ከዚያ ባዶ እጄን አልወጣሁም። የማለቢያውን ማሽን ፈትቶ መግጠም ቻልኩ። የጋሽ በቀለን ክፍል ከእኔው ክፍል ጋር ቀላቅዬ ሰፊ አደረግኩት። መንጃ ፈቃድ አወጣሁ። ወንድሜን አስመጣሁ። የሠራተኞቹ አለቃ ሆንኩ፤ በእኔ ጊዜ አንድም ጥጃ የእናቱን ጡት አልቀመሰም።