ለፊልም የተተከለው ድንኳን

አያቴ እናቴን «እሜቴ» ብላ መጥራት የጀመረችበትን ቀን በደንብ አስታውሳለሁ፤ ሳቄን መቆጣጠር አቅቶኝ ወደ ጓሮ የሮጥኩበት ቀን ነው። ጎጆ ከምትባለው ትንሽ ከተማ አምቦ እኛ ቤት ካመጣናት ብዙም አልቆየችም ነበር። እናቴ ሾርባ ስታቀርብላት አያቴ ከተቀመጠችበት ብድግ ለማለት እየሞከረች፣ «ኧረ እሜቴ፣ እርስዎ ራስዎ ደክመው? ሠራተኛ የለም እንዴ?» አለቻት።

እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ያስተማረች፣ ክፍል ስትገባ ጎረምሳው ሁሉ ጸጥ የሚልላት ሴት ናት። በገዛ እናቷ አንቱ ስትባል ግን ሾርባውን አስቀምጣ ወጣች።

ነገሩ እንዲህ ነው። አያቴ ሁለት ቋንቋ ነበራት። ኦሮምኛው የቤቷ፣ የልጆቿና የበጎቿ ነበር። አማርኛውን ለዳኛ፣ ለነጋዴና ለከተማ ሰው እንደ ክት ልብስ ታወጣዋለች። መርሳት ሲጀምራት ሰዎቹ ተደባለቁባት እንጂ ይህ ሥርዓት አልተናጋም። እኔን «ኢንተላ ኮ» ትለኛለች፤ ልጄ ማለቷ ነው። ማን እንደሆንኩ በትክክል ባታውቅም የራሷ ወገን መሆኔን አትጠራጠርም። ወንድሜንም በኦሮምኛ ትቆጣዋለች። እናቴን ብቻ ከሁላችን ለይታ በክት አማርኛ ታናግራታለች። እናቴ የቤቱ እመቤት ሆነች፣ አያቴ ደግሞ የእመቤቲቱ እንግዳ።

እንግዳ ደግሞ መሄጃውን ያውቃል። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ወደ ጉደር ስታዘቀዝቅ አያቴ ዕቃዋን ትሸክፋለች። በነጠላዋ የምትቋጥረው በየቀኑ ይለያያል፤ ማበጠሪያ፣ ግማሽ ሳሙና፣ የወንድሜ አንድ እግር ካልሲ፣ የቴሌቪዥኑ ሪሞት። ሪሞት ሲጠፋብን መጀመሪያ የምንፈትሸው እሷን ነበር። ከዚያ እናቴ ፊት ቆማ ትሰናበታለች። ስላበሏትና ስላጠጧት ታመሰግናለች፤ ቤቱን ትመርቃለች፤ ጎጆ ልጇ እየጠበቀቻት ስለሆነ መሄድ እንዳለባት ትናገራለች። እናቴ ልጅሽ እኔ ነኝ ስትላት በትሕትና ፈገግ ትላለች። እንዲህ ያለ ትልቅ ሰው ከእሷ ጋር መቀለዱ ደስ ይላታል እንጂ አታምንም። የእሷ ልጅ ትንሽ ናት፤ ፀጉሯም ጥቁር ነው። ቋጠሮዋን አንጠልጥላ ወደ ግቢው በር ትሄዳለች፤ ዞራ አታይም። በሩ ጋ ስትደርስ ለምን እንደወጣች ይጠፋታል፤ እኔ ሄጄ እጇን ይዤ እመልሳታለሁ።

ያ ዞሮ አለማየት እናቴን ከአንቱታው በላይ ያበሽቃት ነበር። እናቴ ልጅ ሳለች ጎጆ ከፍ ያለ ክፍል ስላልነበረ አያቴ በበቅሎ ይዛት ወርዳ አምቦ ዘመድ ቤት አስገባቻት። በር ላይ አወረደቻት፣ በቅሎዋን አዞረች፣ ሄደች። አንዴ እንኳን ዞራ አላየቻትም። ይህን ታሪክ ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬያለሁ፤ እናቴ ጡረታ ከወጣች በኋላም ታነሳው ነበር። አሁን ደግሞ ያቺው እናቷ በየቀኑ ትደግምባታለች። እናቴ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አያቴ ሳትሞት አንድ ጊዜ በቤቷ ቋንቋ ልጄ እንድትላት።

የማስተማር ዘዴዋን ሁሉ ሞከረች። የልጅነት ፎቶዋን ከአልበም አውጥታ አሳየቻት። አያቴ ስታየው ፊቷ በራ፤ በኦሮምኛ እያቆላመጠች ሳመችው። ከዚያ ወደ እናቴ ዞራ በአማርኛ፣ ልጄን ከየት አገኟት እሜቴ ብላ ጠየቀቻት። ፎቶውንም ትራሷ ሥር አድርጋ መተኛት ጀመረች። እናቴ በገዛ ፎቶዋ ቀናች። ቀጥላ ፀጉር ቤት ሄደችና ሽበቷን ጥቁር ቀለም ተቀብታ መጣች። አያቴ ከላይ እስከ ታች አየቻትና፣ «አማረብዎት እሜቴ፤ ልጅ ሊድሩ ነው?» አለቻት። እንደገና ወደ ጓሮ ሮጥኩ። በዚያ ሰሞን እኔም «እሜቴ» እያልኩ ስለምጠራት እናቴ ጫማ ወርውራብኝ ለጥቂት ስታኛለች።

ፊልሙን ያመጣብን ወንድሜ ነው። ጉደር ያስተምራል፤ ከድራማ ክበብ ጓደኞቹ ጋር ሆኖ ስለ አንዲት የመርሳት በሽታ ስላለባት አያትና ስለ ቤተሰቧ ፊልም ሊሠራ ተነሳ። ሐሳቡን ከየት እንዳመጣው ስጠይቀው ከጭንቅላቴ አለኝ። ይሁን ብዬ ተውኩት፤ ቤቱ የኛ፣ አልጋው የአያቴ፣ ከዘራው የአያቴ፣ «እሜቴ» የምትለዋ ቃል ሳትቀር የኛ ነበረች።

እናቴ ድርሰቱን እስክርቢቶ ይዛ አነበበችው። መጨረሻው ላይ አሮጊቷ ልጇን ሳታውቃት ትሞታለች። እናቴ ያንን ገጽ ከላይ እስከ ታች ሰረዘችው። በዚህ ቤት ውስጥ የምትሞት አያት ልጇን ሳታውቅ አትሞትም፣ ካልሆነ ካሜራህን ይዘህ ጉደር ግባ አለችው። ወንድሜ ስለ ኪነ ጥበብ ሊያስረዳት ትንሽ ሞከረ። ከዚያ አስተካከለው።

አሮጊቷን የምትጫወተው አብራው የምታስተምር ሴት ነበረች፤ ፀጉሯ ላይ ዱቄት ነስንሰው አስረጇት። አያቴ የገዛ ቀሚሷንና ከዘራዋን ሴትየዋ ላይ ስታይ ይጣላሉ ብለን ፈርተን ነበር። እሷ ግን የተቸገረች መንገደኛ መሰለቻትና ጫማዋን ጨመረችላት። ከክበቡ ልጆች ጋር ያጣላት ማይክሮፎኑ ነው። ያን በዱላ ጫፍ የሚያንጠለጥሉትን ፀጉራም ነገር አያቴ የበግ ግልገል አደረገችው። ግልገል እንዲህ ይሰቀላል ወይ ብላ ተቆጣቻቸው። በማግስቱ ፀጉራሙ ልባስ ጠፋ። ግቢውን ሙሉ ሲፈለግ ውሎ ከአያቴ ብርድ ልብስ ሥር ተገኘ፤ በደንብ ተጠቅልሎ ነበር።

የመጨረሻው ትዕይንት ለቅሶ ነበር። ለለቅሶ ድንኳን ያስፈልጋል፤ ድንኳን ደግሞ ያለው ዕድሩ ጋ ነው። ወንድሜ ሄዶ ለዕድሩ ዕቃ ጠባቂ ለፊልም መሆኑን አስረድቶ ተፈቀደለት። ድንኳኑን የጫነውን ባለጋሪ ግን ማንም ምንም አልነገረውም። እሑድ ረፋድ ላይ ነው፣ ሰው ከቤተ ክርስቲያን በሚመለስበት ሰዓት። ድንኳኑ ወዴት ነው ብለው ሲጠይቁት የአሮጊቷን ቤት ጠቆመ። ከዚያ በላይ የሚጠይቅ አልነበረም። የዕድር ድንኳን በር ላይ ሲተከል የሚጠየቅ ነገር የለም፤ ነጠላ አዘቅዝቆ መምጣት ብቻ ነው።

መጡ። የክበቡ ልጆች ልቅሶ ሲለማመዱ ድምፃቸው መንገድ ድረስ ይሰማ ስለነበር የመጣው ሁሉ እያለቀሰ ነው የገባው። የጎረቤታችን ሴት በሩ ላይ ወድቃ ደረቷን ደቃች። አንዷ ንፍሮዋን በሰፌድ ይዛ ደረሰች። የዕድሩ ዳኛ ለምን ጡሩምባ አልተነፋም ብለው ወንድሜን ጥግ ይዘው ይወቅሱት ጀመር። ወንድሜ ሰውየው ክበቡ ያመጣቸው ተዋናይ መስለውት በጣም ጎበዝ ናቸው ብሎ ካሜራውን አዞረባቸው። እኔ ውስጥ ነበርኩ፤ አያቴን ፀጉሯን ታጥባ ገና ማበጠራችን ነው።

አያቴ ልቅሶውን ስትሰማ ማበጠሪያውን ከእናቴ እጅ ላይ አንስታ አስቀመጠች። ለቅሶ ሰምታ የቀረችበት ቀን የለም። የልጇን መልክ ብትረሳም እጇ ነጠላውን ራሱ አዘቀዘቀው። ይዘን እስክናስቀራት ወጥታ ድንኳኑ ውስጥ ሴቶቹ መሐል ተቀምጣ ነበር። ከጎኗ ያለችው ሴት አንገቷን እንደደፋች፣ ደግ ነበሩ እኮ፣ አፋቸው ቁጡ ቢሆንም ደግ ነበሩ እያለች ታለቅሳለች። አያቴም ከንፈሯን እየመጠጠች ትስማማለች። ከዚያ ሴትየዋ እንባዋን ለመጥረግ ቀና አለች።

ጩኸቷ ለልቅሶ እንኳን ትንሽ በዛ። አንድ በአንድ ዞረው አዩ፤ ድንኳኑ በአንዴ ጸጥ አለ። ሟቿ እግሯን ዘርግታ ተቀምጣ ንፍሮ እየቆረጠመች ነው።

«ኤኙቱ ዱኤ?» አለች አያቴ በኦሮምኛ። ማነው የሞተው?

ምን ብለው ይመልሱላት? እርስዎ ነዎት አይሏትም። ሁሉም አንገቱን ደፋ። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። በእኛ ዘንድ መርዶ ለባለቤቱ በድንገት አይነገርም፤ የሚያውቁት ዙሪያውን ተቀምጠው ዝም ይላሉ፣ እሱም ከዝምታቸው ይገባዋል። አያቴ የተደፋውን አንገት ሁሉ አንድ በአንድ አየች። ንፍሮው ከእጇ ወደቀ።

«ኢንተላ ኮቲ» አለች። ልጄ ናት።

ማንም ሊያቆማት አልቻለም። ብድግ ብላ ደረቷን እየመታች አለቀሰች፤ እናቴን በስሟ እየጠራች። ቤት ውስጥ በልጅነቷ የምትጠራበትን ስም ነው፤ እኛ ልጆቿ ሰምተነው አናውቅም፤ እናቴ ስንት ዘመን የጠበቀችው ስለሆነ እኔም እዚህ አልጽፈውም። ድንች ስናወጣ ጭቃው ውስጥ እንቅልፍ የሚወስድሽ፣ አባትሽ ሲቆጣ ቀሚሴ ሥር የምትገቢው አለች። በጎቹን ጥላ ትምህርት ቤት የምትጠፋው ልጄ አለች። እናቴ ከኋላዋ ሆና ብብቷ ሥር ደግፋ ይዛት ነበር፤ ሐዘንተኛ እንደሚያዘው። አያቴ ያንን የበቅሎ ቀን አነሳች።

«በር ላይ ጥዬሽ ስሄድ ያላየሁሽ» አለች፣ «ዞሬ ካየሁሽ ይዤሽ እመለሳለሁ ብዬ ነው።»

እናቴ ፊቷን አያቴ ጀርባ ላይ ቀበረችው። እኔም አለቀስኩ፤ ወደ ጓሮ ለመሮጥ እንኳን አቅም አልነበረኝም።

ብዙ ካለቀሰች በኋላ አያቴ የያዛት እጅ ተሰማትና ዞረች። አማርኛዋን አወጣች። «እሜቴ፣ ልጄን ያውቋት ነበር?»

እኔ ነኝ ልጅሽ ትላታለች ብዬ ጠበቅሁ። እናቴ ግን በነጠላዋ ጫፍ የአያቴን እንባ ጠረገችላትና፣ «አውቃታለሁ። አልሞተችም፣ ደህና ናት» አለቻት።

አያቴ ትንሽ አሰበች። ከዚያ ለቀስተኛውን ቃኘችና ቆጣ አለች። «ታዲያ ይሄ ሁሉ ሰው ምን ሊበላ መጣ?»

ሰው ሳቅና እንባውን መለየት አቅቶት ንፍሮውን ጨርሶ ሄደ። የዕድሩ ዳኛ ወንድሜን ለብቻው አነጋገሩት፤ ያሉትን እስከዛሬ አልነገረንም።

ከዚያ ወዲያ እናቴ ፎቶውንም ፀጉር ቀለሙንም ተወችው። ከሰዓት በኋላ አያቴ ቋጠሮዋን ይዛ ልትሰናበት ስትመጣ ወንበር ትሰጣታለች፣ እሷም በተራዋ አንቱ ትላታለች፣ ስለ ልጅዎ ትንሽ ያጫውቱኝና ይሄዳሉ ትላታለች። ሁለት ትልልቅ እመቤቶች ተቀምጠው ጎጆ ስላለች አንዲት ትንሽ ልጅ ያወራሉ። ልጅቷ ቆንጆ ናት፣ ግን እልኸኛ ናት። እናቴ እልኸኛ የሚለው ላይ ትከራከራለች።

ፊልሙ አልቆ በአንድ አዳራሽ ታየ። ዱቄት የተነሰነሰባት አያት ልክ እናቴ እንዳዘዘችው ልጇን አቅፋ፣ በስሟ ጠርታ፣ አምሮባት ሞተች። አዳራሹ ሙሉ ተንሰቀሰቀ። እናቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ ይሄ ደግሞ ተጋነነ አለችኝ።

አያቴ እውነት የሞተችው ከዚያ በኋላ በክረምት ነው። ወንድሜ ዕድሩ ጋ ሲደውል የዕቃ ጠባቂው የመጀመሪያ ጥያቄ ደግሞ ለፊልም ነው ወይ የሚል ነበር። ጎረቤቱም በር ላይ ቆሞ ካሜራ ሲፈልግ ቆየ እንጂ ቶሎ አልገባም። እናቴ እያለቀሰች ሳቋ አመለጣት፤ አያቴ ብታየው ትደሰት ነበር ብዬ እኔም ሳቅሁ። አያቴ እሜቴ እንዳለቻት ሞተች። እናቴን ሌላ ነገር አላለቻትም።

ጎጆ ወስደን ቀበርናት። ስንመለስ ዝናብ ያካፋ ነበር፤ መንገዱ ተበላሽቶ መኪናው ቀስ እያለ ነበር የወረደው፤ የቤተ ክርስቲያኑ ዛፎች ለረጅም ጊዜ ከኋላችን ይታዩ ነበር። ሁላችንም ዞረን ዞረን አየን። እናቴ ግን አንገቷን አቅንታ የፊት ለፊቱን መንገድ ብቻ ታያለች። እጇን ያዝኩና፣ እሜቴ፣ አንዴ እንኳን ዞር አትይም ወይ አልኳት።

«ዞሬ ካየኋት» አለች፣ «ይዣት እመለሳለሁ።»