ቢያዝን የሠራው የፖላንድ ጎራዴ

ቢያዝን ግትር ነው። ግሽ አባይ ሰፈር የሚያውቀው ሁሉ ይመሰክራል፤ ሚስቱ እሌኒማ አትጠየቅ። ከባሕር ዳር ፋብሪካዎች በአንዱ፣ ጥገና ክፍል ውስጥ ዐሥራ አራት ዓመት ብሎን ሲሞርድ ኖሯል። አባቱ ሀብተ ሥላሴ ግን ጎራዴ ሠሪ ነበሩ። አብዮቱ መጥቶ ጎራዴ የመሳፍንት ዕቃ ነው ሲባል ሽማግሌው ወናፋቸውን ጠቅልለው ቁጭ አሉ፤ ብዙም ሳይቆዩ አረፉ። ቢያዝንን የሚያንገበግበው ይኸው ነው፤ ያን ሁሉ ሙያ ተምሮ ስሙ ያረፈበት አንድ ዕቃ እንኳ የለውም።

በሰባ ስምንት ዓመተ ምሕረት ፋብሪካው ውስጥ ማሽን ሲተክል የቆየው ፖላንዳዊ መሐንዲስ፣ ሠራተኛው ታዴዎስ የሚለው ታዴውሽ፣ ወደ አገሩ ሊመለስ ሁለት ወር ሲቀረው አንድ አሮጌ ፎቶግራፍ ይዞለት መጣ። አያቱ ናቸው፤ የበዓል ልብስ ለብሰው ጎራዴ ታጥቀዋል። ጎራዴው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከቤታቸው ጋር ተቃጥሏል። እንዲህ ያለውን ሥራልኝ፣ ስምህን ጻፍበት፣ በየዓመቱ በዓል ሰልፍ ላይ እታጠቀዋለሁ አለው። ቢያዝን ከደስታው ብዛት የሚይዝ የሚጨብጠውን አጣ።

ደስታው መች በረከተ! የቀበሌው ሊቀ መንበር የጦር መሣሪያ ነው ብሎ ሦስት ሳምንት አመላለሰው፤ መሐንዲሱ ደብዳቤ አጽፎ ነው የተፈቀደለት። ከጭነት መኪና ባሌስትራ የቀጠቀጠው የመጀመሪያው ስለት ደግሞ አግሎ በጣና ውሃ ቢነክረው ጧ ብሎ ተሰነጠቀ። ሁለተኛውን በኑግ ዘይት ነከረው፤ እሱ ያዘለት። እጀታው ላይ እንደ ፎቶግራፉ አውራ ጣት የምትገባበት ቀለበት አበጀ። ሰገባውን ከዋንዛ ጠርቦ ጥቁር ቆዳ አለበሰው። በመጨረሻ እናቱ ወለተ ጊዮርጊስ የተዉለትን ሁለት ጠገራ ብር አቅልጦ የሰገባውን አንድ ፊት ከላይ እስከ ታች በብር ሐረግ ሞላው፤ ስሙን ከሐረጉ መካከል አሰፈረ። ወደ ጭን የሚዞረውን ፊት ባዶውን ተወው። ማን ሊያየው!

ሲጨርስ በቀኝ ጎኑ ታጠቀና እሌኒ ፊት ቆመ። በእኛ አገር ጎራዴ በቀኝ ነው፤ አባቱም፣ የአባቱ ደንበኞችም ሌላ አያውቁም። እሌኒ አንዴ ባሏን አንዴ ፎቶግራፉን አየች።

«እኒህ ሰውዬኮ በግራ ነው የታጠቁት» አለችው።

«ፎቶው ተገልብጦ ታጥቦ ነው።»

እንዲያው በባዶ ሜዳ አልነበረም። የራሳቸውን የሠርግ ፎቶ ያጠበው ሰው ፊልሙን ገልብጦት፣ በቀኙ የቆመችው እሌኒ በግራው ሆና ይኸው ዐሥር ዓመት ግድግዳ ላይ ተሰቅላለች። መሐንዲሱ እዚሁ እያለ ብትጠይቀው ምናለበት ብትለው፣ ጎራዴ በግራ የሚታጠቅ የትኛው ጤነኛ ነው ብሎ ተቆጣት። እሷም ተወችው።

የስንብቱ ዕለት ሠራተኛው ሐይቁ ዳር ተሰበሰበ። ታዴውሽ ጎራዴውን ሲቀበል ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ቢያዝንን አገላብጦ ሳመው። ከዚያ በግራ ጎኑ ታጠቀው፤ ጎራዴ ቆልማማ ነውና ጎኑ ሲቀየር ውጭ መሆን የነበረበት ፊት ወደ ውስጥ ዞረ። የብሩ ሐረግ ከነስሙ ጭኑ ላይ ተለጠፈ፤ ለተመልካች የቀረው ጥቁር ቆዳ ነው። ሠራተኛው ምን ገዶት፣ አጨበጨበ። ቢያዝን መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ። እሌኒ ከሴቶቹ መካከል ነበረች፤ አንገቷን ደፋች።

መሐንዲሱም ነገሩ ገባው። ወደ ቀኝ አዞረው፤ ሊመዘው ቢሞክር አልሆነለትም፣ ወደ ግራው መለሰው።

«ግድ የለም» አለ በዚያ በተሰባበረ አማርኛው። «ቤቴ ግድግዳ ላይ እሰቅለዋለሁ። ስምህ ይታያል።»

«እኔ ለግድግዳ አልሠራሁም» አለ ቢያዝን። «ይመልሱልኝ፣ አስተካክለዋለሁ።»

አውሮፕላኑ ነገ ጠዋት ነው ቢባል ማን ሰምቶ! ሕዝብ ፊት እጁን ዘርግቶ ቆመ። ታዴውሽ ግራ ተጋብቶ ዙሪያውን አየና ፈታው፤ ሰጠው። ምነው ቢያዝን ትቶት በነበረ!

መሐንዲሱ በማግስቱ ባዶ እጁን በረረ፤ ቢያዝን ሐረጉን ነቅሎ ወደ ሌላው ፊት ለማዞር ሦስት እሑድ ፈጀበት። አሁን በግራ ቢታጠቁት ብሩ ከነስሙ ወደ ውጭ ነው፣ እንከን የለውም። ፖስታ ቤት ይዞት ቢሄድ ጎራዴ አይላክም አሉት። ሌላ ወር ደግሞ ሄዶ ለመናቸው፤ መልሱ ያው ነው።

ዛሬ ጎራዴው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ ቢያዝን ቤት፣ ከሠርጉ ፎቶ ጎን። ቅዳሜ ቅዳሜ እሌኒ አቧራውን ትጠርጋለች። አንድም ቀን፣ ነግሬህ ነበር ብላው አታውቅም። እሱን የሚያቃጥለውም ይኸው ነው።