ናይሮቢ ላይ ያልፈረምኩት ወረቀት

ከአዲስ አበባ የተነሳሁት ሰኞ ጠዋት ነው። ናይሮቢ ውስጥ ባለ አንድ የመንግሥት ጤና ጣቢያ፣ አማርኛ ተናጋሪዎችን በሥነ ልቦና ሕክምና እንድረዳ ለስድስት ወር ተቀጥሬ ነበር። በረራው ከሁለት ሰዓት ትንሽ ቢበልጥ ነው። ምሳ የበላሁት ናይሮቢ ነው።

ሳውዝ ሲ

ክፍል የተከራየሁት ሳውዝ ሲ የሚባል ሰፈር ነው። ጠዋት ሁለት ማታቱ፣ የናይሮቢን ሚኒባስ ታክሲ፣ እቀይራለሁ፤ አንዱ እስከ መሃል ከተማ፣ ሌላው ከዚያ ወዲያ። ዝናብ ሲጥል የሃምሳ ሽልንግ መንገድ መቶ ይሆናል። በመጀመሪያው ቀን ከረዳቱ ጋር ብከራከር ብከራከር ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነብኝ። አጠገቤ የነበሩ እናት ስዋሂሊና እንግሊዝኛ ቀላቅለው «ፖሌ፣ ዳዳ (አይዞሽ እህቴ)፤ ከዝናቡ ጋር ተጣይ» ብለው አሳቁኝ።

ጤና ጣቢያው የሰጠኝ ክፍል የድሮ መድኃኒት ማከማቻ ነው፤ ሁለት ወንበርና የማይዘጋ በር አለው። በሩን የሚያሠራልኝ ስላጣሁ ነጠላዬን ጋረድኩበት።

ሦስተኛው ሳምንት

እትዬ አስቴር (ስማቸውን ቀይሬዋለሁ) ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው ሴት ናቸው። ፋይላቸው ላይ «ሰው ያሤርብኛል ይላሉ» ተብሎ ተጽፏል። የክፍሉ ኃላፊ፣ ትሑት ኬንያዊ ሐኪም፣ የአእምሮ መድኃኒት ሊያስጀምራቸው ወስኗል። የትእዛዝ ወረቀቱ ላይ የቀረው የእኔ ፊርማ ነበር።

«ስገባ ሁሉም ዝም ይላሉ» አሉኝ። «ባለቤቴ ስልኬን ተበላሽቷል ብሎ ወሰደው። ሐዋሳ ላለው ወንድሜ ልደውል ስል ኔትወርክ የለም ይሉኛል። ጎረቤቶቼ ሲስሙኝ ዓይናቸው እንባ ይሞላል። ልጄ እንኳን ‹ማሚ፣ አይ ዶንት ኖው፣ ባባን ጠይቂው› ነው የሚለኝ። አብጄ ነው እንዴ ልጄ?»

ፋይላቸውን ዘጋሁት። ይህን ማንም አበሻ ያውቀዋል፤ መርዶ ተደብቆባቸዋል። እኛ ሞትን በስልክ አንናገርም። ዘመድ እስኪሰበሰብ እንደብቅና በማለዳ ሄደን እናረዳለን። ኃላፊው ይህን ከየት ይወቀው? በግምት ግን መርዶ አይነገርም።

«አላበዱም እትዬ» አልኳቸው። «ባለቤትዎን ላነጋግር ይፈቅዱልኛል?»

የፈቃድ ቅጹን ፈረሙልኝ።

ሁርሊንግሃም

ባለቤታቸው ጋሽ ዮናስ ሁርሊንግሃም ሰፈር ባለ አንድ የአበሻ ምግብ ቤት ውስጥ ይሠራሉ። ሽሮ አዘዙልኝ። ሽታው ያስጎመጃል፤ እኔ ግን አልነካሁትም።

«ወንድሟ ካረፈ አራት ወሩ ነው» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ግፊት አለባት። እህቷ የጉዞ ወረቀቷ አልቆላት ከሞያሌ እስክትመጣ ብለን ነው። የቤተ ክርስቲያናችን ፓስተርም ታገሱ ብለውናል።»

«እናንተ ስትታገሡ እሳቸው እኮ እብድ ተብለው መድኃኒት ሊጀመርላቸው ነው!»

«እስከዚያ ቢያረጋጋትስ?»

ተናደድኩ። «ጥርጣሬያቸው ልክ የሆነውን ሴት በመድኃኒት እናደንዝዛቸው ነው የሚሉኝ? ቅዳሜ ማለዳ ያርዷቸው። ሰኞ ቀጠሮ አላቸው፤ ቢጠይቁኝ አልዋሽላችሁም።»

«አንቺ ልጅ፣ በቤታችን ምን አገባሽ?»

«የፈረሙልኝ እሳቸው፣ የማልፈርመው እኔ። ይህ ነው ያገባኝ።»

በማግስቱ ለኃላፊው አልፈርምም አልኩት። ምክንያቱን ሳስረዳው «አራት ወር ሙሉ?» ብሎ ወረቀቱን ቀደደው። ግን ደንቡ ቤተሰብን ከጤና ጣቢያው ውጭ ማግኘት ይከለክላልና የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፈልኝ። ደብዳቤውን ተቀበልኩ፤ ይቅርታ አልጠየቅሁም።

ቅዳሜ

ቤተሰቡ ማለዳ አረዳቸው። ከሰዓት በኋላ ለቅሶ ደረስኩ፤ ደንቡ ይህንንም ይከለክላል። ጋሽ ዮናስ ሲያዩኝ ፊታቸውን አዞሩ። እትዬ አስቴር ፍራሽ ላይ ተቀምጠው፣ ፊታቸው አብጦ፣ እጄን ያዙኝ።

«ልክ ነበርኩ አይደል?»

«ልክ ነበሩ።»

«ምነው ባበድኩና እሱ በኖረልኝ!»

እስኪመሽ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

ቦሌ

ስድስት ወሩ ሲያልቅ ውሌ አልታደሰም። ቦሌ የተቀበሉኝ ዘመዶቼ «ምን ተማርሽ?» ይሉኛል። እውነት ሐዘንን እንደማያሽር ተማርኩ። ያ ወረቀት ዛሬም ፊቴ ቢቀርብ ግን አልፈርምም። እትዬ አስቴር ያለቀሱት ለወንድማቸው ነው፤ ለገዛ አእምሯቸው እንዲያለቅሱ አልተውኳቸውም።