በራያ ቀኝ መዳፍ ላይ የተገኘው ፊደል

ሰበታ ላይ ባለፉት አሥራ አንድ ዓመታት ከተዳሩት ሙስሊም ልጃገረዶች ግማሾቹ እጃቸውን ለረምዚያ ሳይሰጡ ኒካቸው አልታሰረም ቢባል፣ ትንሽ ይጋነን እንደሆነ እንጂ ውሸት አይሆንም። ረምዚያ ሂና ሠሪ ናት። ሌሎቹ ሙሽራ ቤት እንደገቡ ሂናውን ያወጣሉ፤ እሷ ግን መጀመሪያ ወሬ ታወጣ ነበር። የሙሽሪትን እጅ ጉልበቷ ላይ ታስቀምጥና «እስቲ ንገሪኝ፣ ካንቺ ሌላ ማንም የሌለው ነገር ምንድነው?» ትላለች። የሰማችውን በአበቦቹ መሃል አሳንሳ ትስለዋለች። ከሱሉልታ ወተት እያመላለሰች ላደገችው ሙሽራ አንጓዋ ላይ የወተት ጣሳ፣ ለቡራዩዋ ልብስ ሰፊ መርፌና ክር። ከሩቅ ያየው ሰው ሐረግ ነው ብሎ ያልፋል፤ ባለቤቷ ግን እጇን ባየች ቁጥር ትስቃለች።

ከዚያ ስልክ መጣ። የገዛላት ባሏ ጃዕፈር ነው፤ ሲጸጸት ይኖራል። ሥራሽን ሰው ይይልሽ ብሎ ነበር። ረምዚያም ቲክቶክ ላይ ገጽ ከፈተች፣ ያቺን የወተት ጣሳ ለጠፈች፣ ስልሳ ሦስት ላይክ አገኘች። ደስ አላት። ደስታዋ የቆየው ግን የአዲስ አበባዋን ኢክላስን እስክታይ ድረስ ብቻ ነው።

ኢክላስ እስከ ክርን የሚወጣ፣ እንደ ዳንቴል የረቀቀ ሂና ትሠራለች። ሙሽሮቿ ቀይ ከፋይ ላይ ይቀመጣሉ፣ መብራቱ ከፊትም ከኋላም ይበራላቸዋል፣ ላይኩ አርባ ሺህ ነው። ረምዚያ የራሷን ጣሳ መልሳ አየችውና አፈረች። ልጅ በከሰል ግድግዳ ላይ የጫረው መሰላት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጠዋት ሻይዋን ከመቅመሷ በፊት ኢክላስ ምን እንደለጠፈች ታያለች፤ ሻይዋ ይቀዘቅዛል።

«የሰው እጅ ስታዪ የራስሽ ሻይ በረደ» ይላታል ጃዕፈር። መለዋወጫ ነጋዴ ነው፤ ተረት ባይተርት ቀኑ አይመሽለትም። «አንቺ ልጅ፣ የሰው ወርቅ አያደምቅ።»

«አንተ ምን ታውቃለህ? የኔን ማን ያየዋል?»

ሙሉ በሙሉ እውነት አልነበረም። አራት የማታውቃቸው ሰዎች ምን ብትለጥፍ ቀድመው ይደርሱ ነበር። አንደኛው ስሙን «የሰበታው ንስር» ብሎ አውጥቷል፤ በየሥራዋ ሥር ልብና አበባ ይደረድራል። ረምዚያ ግን አርባ ሺህ የለመደ ዓይን ይዛ አራት ሰው ግድ አልሰጣትም። ቀስ በቀስ ጥያቄዋንም ተወች። ሙሽራ ቤት ገብታ ስልኳን ትራስ ላይ ታስደግፋለች፣ የኢክላስን ሥዕል ትከፍታለች፣ መስመር በመስመር ትገለብጣለች። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

ራያ ልትዳር የነበረው እሑድ ነው። የፋርማሲ ሠራተኛ ናት፤ ረጋ ያለች፣ ስትስቅ አፏን በእጇ የምትሸፍን። የወተት ጣሳዋ ሙሽራ ታላቅ እህቷ ነበረች። ሐሙስ ከሰዓት ረምዚያ ስትመጣ እጇን ዘርግታ «ረምዚዬ፣ እንደ እህቴ አድርጊልኝ እሺ? የራሴን ነገር» አለቻት።

«ኤጭ፣ እሱማ ድሮ ቀረ። ይልቅ ይህን እዪ» አለችና ስልኩን አሳየቻት። ራያ ሥዕሉን አየች፣ ረምዚያን አየች፣ ክፉ ሰው መሆን ስለማትችል «ያምራል» አለች።

ረምዚያ ገለበጠች። ሦስት ሰዓት ሙሉ ዓይኗ ከስልኩ አልተነቀለም። በግራ መዳፍ፣ በሰፈሩ ልማድ፣ የሙሽራውን የሙሄዲንን የመጀመሪያ ፊደል ሐረጉ ውስጥ ደበቀች። በሠርጉ ቀን ሙሽራው ፊደሉን ፈልጎ እስኪያገኝ ሴቶቹ ይሳለቁበታል፤ ጨዋታው ይህ ነው። ቀኙን ግን እንዳለ ከስልኩ አመጣችው።

ዓርብ ጠዋት ስልኳ ጮኸ። የራያ አክስት አዴ አሲያ ናቸው። አዴ አሲያ መነጽር አያደርጉም፤ የጎረቤት ጤፍ ውስጥ ያለ ጠጠር ግን ከአጥር ማዶ ይታያቸዋል።

«ረምዚያ፣ ኮቱ! አሁኑኑ ነይ!»

«መል ታኤ፣ አዴ? ምን ሆናችሁ?»

«ነይና እዪው!»

ስትደርስ ራያ አልጋው ጫፍ ላይ እጇን እንደ ሰው ዕቃ ዘርግታ ተቀምጣለች። የደረቀው ሂና ተራግፎ ቀለሙ ደምቆ ወጥቷል። አዴ አሲያ የቀኙን መዳፍ በጣታቸው ወጋ አደረጉት። በቅጠሎቹ መሃል አንድ ቀጥ ያለ ግንድ፣ ከጎኑ ሁለት አጫጭር ክንዶች። ጥርት ያለ የእንግሊዝኛ ኤፍ።

«በግራው ሙሄዲን፣ በቀኙ ፉአድ! ልጄን ለሁለት ልትድሪያት ነው?»

ፉአድ ማለት ከሙሄዲን በፊት ለራያ ሽማግሌ ልኮ እምቢ የተባለው የዓለም ገና ነጋዴ ነው። ይህን የሙሄዲን እናት ያውቃሉ፣ ሚዜዎቹ ያውቃሉ፤ ሰበታ ላይ የማይታወቅ ነገር የለም። እሑድ ሙሽራው በሰው ሁሉ ፊት የሙሽሪትን መዳፍ ገልጦ ይህን ፊደል ቢያገኝ፣ ምን ተብሎ ይነገረዋል? ሂና ደግሞ ታጥቦ አይለቅም፤ ሁለት ሳምንት እዚያው ነው።

ረምዚያ ስልኳን ከፍታ የኢክላስን ሥዕል ፈለገች። ከሥር አስተያየቶቹን ያን ጊዜ ገና አነበበች፤ «ፌይሰል፣ እንኳን ደስ ያለህ» ይላል አንዱ። የኢክላስ ሙሽራ ባል ፌይሰል ነበር። ረምዚያ የማታውቀውን ሰው ስም ከነሐረጉ አንስታ ራያ እጅ ላይ ተክላዋለች።

ጌጥ ነው ብላ ማለፍ ትችል ነበር። አላለችም። «ገልብጬ ነው፣ አዴ። ከሰው ገልብጬ ነው። የምገለብጠውን እንኳ አላየሁትም» አለችና ዕንባዋ መጣ።

ራያ አልጮኸችም። «እኔ እኮ የራሴን ነበር የለመንኩሽ» አለች ዝግ ብላ። ይህ ከአዴ አሲያ ቁጣ ሁሉ ይልቅ ረምዚያን አንገበገባት።

ስልኩን አጥፍታ ቦርሳዋ ሥር ከተተችው። ወለሉ ላይ ተቀመጠች። የራያን ቀኝ እጅ ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ ሁለት ዓመት ያልጠየቀችውን ጠየቀች። «እስቲ ንገሪኝ፤ ካንቺና ከሙሄዲን ሌላ ማንም የሌለው ነገር ምንድነው?»

ራያ አፏን በግራ እጇ ሸፈነች።

ሙሄዲን የብረታ ብረት ሱቅ አለው፤ ቁልፍም ይቀርጻል። ራያ የፋርማሲውን ቁልፍ ልታስቀርጽ ሄደች። የመጀመሪያው አልከፈተም። መለሰችለት። ሁለተኛውም እምቢ አለ። በሦስተኛው ሲከፈት ስሙንም፣ ሰፈሩንም፣ ሻይ በስንት ስኳር እንደሚጠጣም አውቃ ነበር። «ሆን ብለህ ነው ስለው እስከ ዛሬ አላመነም። ብረቱ ነው ይላል።»

አዴ አሲያ ቁጣቸው ላይ እንዳሉ ሳቅ አመለጣቸው። «ያ ድምፁ የማይሰማ ልጅ? አጅሬ!»

ረምዚያ ግን አልሳቀችም፤ መዳፉን እያየች ነበር። አንድ ግንድ፣ ሁለት ጥርስ። ሂና የሞላውን ኮኗን አወጣች። ከግንዱ ታች ክብ እጀታ ሠራችለት፣ ጥርሶቹን አወፈረች፣ ከእጀታው ቀዳዳ አንዲት ቀጭን ክር አሳልፋ እስከ ራያ የቀለበት ጣት ወሰደችው፤ ኤፉ ቁልፍ ሆነ። የምትገለብጠው ሥዕል አልነበረም። እጇ አንዴ እንኳ አላመነታም።

አዴ አሲያ አጎንብሰው ከዚህም ከዚያም ፈተሹት። «ፊደሉ የት ሄደ?» አሉ። መልስ ሳይጠብቁ «ገለቶሚ፣ ተባረኪ ልጄ» ብለው ግንባሯን ሳሟት።

እሑድ ሙሄዲን በሴቶች ተከቦ ግራውን መዳፍ ገለጠ፤ «ሙ»ን ለማግኘት ጊዜ አልፈጀበትም፣ እልልታው ቀለጠ። ያለቀ መስሎት ሊነሳ ሲል ራያ ቀኙንም ዘረጋችለት። አየው። ፊቱ ቀልቶ፣ ሳቁ ከዕንባው ጋር ተቀላቅሎ፣ እናቱ በቆሙበት «ወላሂ ሁለቱን ሆን ብዬ ነው ያበላሸሁት!» አለ። ራያ አፏን መሸፈን ረሳች። ሙሄዲን ይህን ማን እንደሠራው ቀና ብሎ ሲፈልግ በአገጯ ወደ ረምዚያ አመለከተችው። ረምዚያ እንደ ሕፃን አለቀሰች።

ፀሐይ ሳትጠልቅ እሷና ጃዕፈር በባጃጅ ወደ ቤት ተመለሱ።

«ፎቶ አነሳሽው?» አላት።

«ረሳሁት።» እውነቷን ነበር። ስልኳ ቦርሳዋ ሥር ከዓርብ ጀምሮ እንደጠፋ ነው፤ ኢክላስ ምን እንደለጠፈች አታውቅም፣ ማወቅም አላማራትም።

ባጃጁ ጉድጓድ ገብቶ ወጣ። «እንግዲህ ሙሄዲን ካመነ እኔም ልመን» አለ ጃዕፈር። «የሰበታው ንስር እኔ ነኝ። ሦስቱም ሌሎቹ እኔ ነኝ።»

ረምዚያ ዞራ አየችው። የሞተር ቀበቶ ሲያነሳ የሚጠቁር እጁን፣ ጫት ያልነካውን ጥርሱን፣ ያፈረ ፊቱን። ሁለት ዓመት ሙሉ የኔን ማን ያየዋል እያለች ያለቀሰችው ከዚህ ሰው ጋር አንድ ገበታ ቀርባ ነው። ጥቁሩን እጁን ወስዳ እንደ ሙሽራ እጅ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው።

«አራቱም ወደውት ነበር?» አለችው።

«አራቱም፣ ወላሂ» አለ ጃዕፈር።