በወይዘሮ አልማዝ ደረጃ ላይ ያለው ቀይ ነጥብ

ስለ አንድ የቀለም ነጥብ መጻፍ ያስፈልጋል ወይ? እርግጠኛ አይደለሁም። አሁን የአንደኛ ዓመት የምህንድስና ተማሪ ነኝ። ከዚያ በፊት ግን እዚሁ ድሬ ዳዋ ሁለት ዓመት ከቀያሽ ጋር ሠርቻለሁ፤ ለክፍል ጓደኞቼ ይጠቅም ይሆናል ብዬ ጻፍኩት።

በመጀመሪያው ቀን ቀያሹ ጋሽ ሙክታር ሚራውን፣ ማለትም በሴንቲሜትር የተከፋፈለውን ረጅም መለኪያ፣ አስያዙኝና ጠየቁኝ።

«ቋሚ ነጥብ ምንድን ነው?»

«ከፍታ የምንለካበት፣ የማይንቀሳቀስ ነጥብ።»

«አለመንቀሳቀሱን ማን ነገረሽ?»

መልሴን ሳይጠብቁ ቀጠሉ።

«ቋሚ የምንለው ዛሬ ለክተን እንደ ትናንቱ ያገኘነውን ነው። ነገም እንደገና እንጠይቀዋለን።»

እሳቸው በየማለዳው ከአንዱ ቋሚ ነጥብ ተነስተው ሌላውን ሳይለኩ ሥራ ጀምረው አያውቁም። ሃያ ዓመት የሚያውቁትን ድንጋይ እንኳ እንደ እንግዳ ነበር የሚለኩት።

ሳቢያን ሰፈር የጎርፍ ቦይ ስንሠራ አንዱ ቋሚ ነጥባችን በድልድዩ ላይ የተተከለ ብረት፣ ሌላው በወይዘሮ አልማዝ ሱቅ ደረጃ ላይ ያለ ቀይ ነጥብ ነበር። አንድ ቀን ጋሽ ሙክታር መለኪያ መነጽሩን፣ ሌቭሉን፣ ለእኔ ትተው ቢሮ ሄዱ። ድልድዩ ሩቅ ነው፤ ፀሐዩ ከርሯል። ቀዩን ነጥብ ብቻ አምኜ የቦዩን ወለል ከፍታ የሚያሳዩትን ችካሎች አስመታሁ።

ከሰዓት በኋላ ልቤ አላርፍ ሲለኝ እስከ ድልድዩ ለካሁ። አሥራ አንድ ሴንቲሜትር ልዩነት! ችካሎቼ ሁሉ ያን ያህል ከፍ ብለዋል። ልኬቱን የጻፍኩበትን ደብተር ገለጥኩ። ቁጥሩን እንዲገጥም ባስተካክለው ማንም አያውቅም። ግን በማግስቱ ኮንክሪት ይሞላል፤ ዝናብ ሲመጣ ጎርፉ ከፍ ባለው ወለል ተገትቶ ወደ ቤቶቹ ይመለሳል።

ወይዘሮ አልማዝን ጠየቅኋቸው።

«ደረጃውን አፍርሼ ከፍ አድርጌ አሠራሁት። አይዞሽ፣ ነጥባችሁን አልጣልኩም፤ እዚያው ራሴ ቀባሁላችሁ!»

እባረራለሁ እያልኩ ለጋሽ ሙክታር ደወልኩ። መጡ፤ ደብተሩን አዩ፤ ደረጃውን አዩ።

«አቦ አልማዝ! ሰው ግድግዳውን ይቀባል፣ አንቺ የእኛን ነጥብ!»

«ልርዳችሁ ብዬ ነዋ፣ ወሪያ!»

ጋሽ ሙክታር ወደ እኔ ዞሩ። «ቁጥሩን አልነካሽም?»

«አልነካሁም።»

«እንግዲያው ሚራውን ያዢ። ከድልድዩ እንጀምራለን።»

ችካሎቹን ሁሉ ነቅለን እንደገና መታን። ለፕሮጀክቱ መሐንዲስ «ብቻዋን የተውኳት እኔ ነኝ» ብለው ራሳቸው ተናገሩ። ስህተቴን አንድም ቀን አላነሱብኝም።

ዛሬም አስተማሪያችን ቋሚ የሚል ቃል ሲጠሩ፣ ለመጨረሻ ጊዜ የተለካው መቼ እንደሆነ እጠይቃለሁ። ያልተለካ ነገር ቋሚ አይባልም።

ቦዩ ያለቀው በሰኔ የመጨረሻው ዓርብ፣ ትልቁ ዝናብ ሳይመጣ ነው።